የዳቦ ነው ያልከኝ ስንዴ

ይድረስ ለአዳነ፣ ለፅጌ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ከአርባህ በኋላ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ግን ከስምህ አላለፍኩም። ያኔ ብጽፍልህ ኖሮ ለቅሶ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው። ስቆጣ ዝም እንደምል ታውቃለህ፤ ሁለት ቀን ሦስት ቀን እዘጋህና አንተው መጥተህ «ኧረ በቃሽ፣ የሺ» ትለኝ ነበር። አሁን በቃሽ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ዝምታዬ አላልቅልህ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ፅጌ ዘጠነኛ ክፍልን ጨረሰች። ቁመቷ እኔን አልፏል። ዓይኗን አሟት ስለነበር መነጽር ታዘዘላት፤ መነጽሯን አድርጋ አንገቷን ደፍታ ስታነብ ድንገት ከጓዳ ብቅ ስል አንተን መስላ ትታየኛለች። እኔ አሁንም እዚያው እንጅባራ፣ እዚያው አራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። የጓሮው አጥር በዚህ ክረምት ወድቆ አስጠገንኩት። ልብሶችህን ለዘመድ አካፈልኩ። የመስክ ደብተሮችህን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ያስቆጡኝም እነሱ ናቸው።

የስንዴ ዝርያ ሙከራውን የጀመርክበትን ዓመት አስታውሰው። ከቢሮ ስትገባ ፊትህ ጠቁሮ ነበር። የምርምር ጣቢያው መሬት አሲድ በዝቶበት ስንዴው ገና ከመብቀሉ ቢጫ እየሆነ አስቸግሮሃል። የገበሬው መሬት ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተተክሎበት ለከሰል ይጠበቃል። በኖራ የታከመ፣ ባለቤቱ እንደ ልጅ ያሳደገው እርሻ ቀረ ከተባለ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ያለው የወንድሜ የጋሼ መኩሪያ እርሻ ነበር።

«አንቺ ብትጠይቂያቸው እንቢ አይሉሽም» አልከኝ።

«ምን ሊዘራበት ነው ካሉኝስ?»

«የዳቦ ስንዴ። የተሻለ የዳቦ ስንዴ ልናወጣ ነው በያቸው።»

ሻይ እየጠጣህ ነበር። ይህን ስትለኝ ዓይንህን ከብርጭቆው አላነሳህም። ያኔ ደክሞህ መስሎኝ ነበር።

ሄድኩ። አንተ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነህ፤ አገውኛህ ከሰላምታ አያልፍም። ጋሼ አማርኛ ይችላሉ፣ የልባቸውን ነገር ግን የሚሰሙትም የሚናገሩትም በአገውኛ ነው። ስለዚህ እኔ በአባታችን ቋንቋ፣ በደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ፣ ስንዴው ለዳቦ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ያን ዓመት እሳቸውም እንደ ጎረቤቶቻቸው ዲከረንስ ሊተክሉ ችግኝ ገዝተው ነበር። «ዳቦ ከሆነማ ይሁን። ከሰል አይበላም» አሉኝ። ችግኙን በማግስቱ ለጎረቤት ሰጡት።

አዳነ፣ ጋሼ መኩሪያ ስለ አረቄ ያላቸውን ነገር አላውቅም ነበር አትለኝም። አባታችን ሲሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሳቸው አሥራ ስድስት። አባታችን ከአዲስ ቅዳም ገበያ አረቄ ጠጥቶ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። አብረውት የነበሩት ይጉደል ብለው ቁጭ ሲሉ እሱ ገባበት። በማግስቱ ከታች፣ ውሃው ከሚታጠፍበት ቦታ ያገኙት ጋሼ ናቸው። በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡትም እሳቸው። እኔን ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ለአንተም የዳሩኝ እሳቸው። በሠርጋችን ዕለት ካንተ ሚዜዎች አንዱ ጠርሙስ ይዞ ሲገባ ተቀብለው በሰው ፊት መሬት ላይ ደፉት። ሚዜህ ሊቆጣ ሲል አንተ እጁን ይዘህ ወደ እሳቸው ዞርክና «ገባኝ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት ቤት አረቄ አይገባም» አልካቸው። ያን ቀን ነው ጋሼ የወደዱህ። እኔም ያን ቀን ከድሮው ይበልጥ ወደድኩህ።

ከዚያ የመጡትን ሰባት ክረምቶች አሁን ምን ላድርጋቸው? ስንዴው ሊያብብ ሲል ከጭቃው ላይ ተንበርክከህ፣ ወረንጦ ይዘህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ ከእያንዳንዷ ዛላ ወንዴውን ስትለቅም አጠገብህ ክር የማቀብልህ እኔ ነበርኩ። የሌላ ዛላ ብናኝ እንዳይገባባት የምታለብሳት ወረቀት ቢያልቅብህ የተማሪዎቼን የድሮ የፈተና ወረቀት ከረጢት አድርጌ አጣብቄ ሰጠሁህ። እርሻው በሙሉ ከአሥር ሰባት፣ ከአሥር አራት ያገኙ ልጆች ወረቀት ለብሶ ስናይ እስኪያመን ሳቅን። «ይቺ የወደቀችው ናት ጥሩ ዘር የምታወጣው፣ ታያለሽ» ትል ነበር። ዋግ የመታው ዓመት ደግሞ ቅጠሉን ስትነካው እጅህ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ፤ ከድንበሩ ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። ጋሼ መጥተው ከጎንህ ቁጭ አሉ። «ዘር ነው፤ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልህ። ያን ጋቢ ደርበህ ሳለህ ልትነግራቸው ትችል ነበር።

መኸር ሲደርስ ፍሬውን በጥርስህ ሰብረህ ውስጡን ታሳየኝ ነበር። «አየሽ ነጭነቱን? አየሽ ልስላሴውን? ይሄ ነው የምፈልገው» ትለኛለህ። እኔም ነጭ ዳቦ እየታየኝ አብሬህ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻው ዓመት ከምርቱ ጥቂት ኩንታል ለጋሼ ሰጠሃቸው። እሳቸው ከቤታቸው ሳያስገቡ የመጀመሪያውን ቁና ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ አድርገው ወሰዱ፤ ለቅዱስ ቁርባን እንዲጋገር። በቅዳሴ ተገኝተህ አብረሃቸው ቆመሃል። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አይቼሃለሁ፤ አንገትህን ደፍተህ ነበር። እየጸለይክ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ግንቦት ታመምክ። ባሕር ዳር ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛህ። አሥራ አንዱንም ቀን አፍህ አልተዘጋም፤ ስለ ፅጌ ትምህርት ነገርከኝ፣ ስለ ቤቱ ካርታ ነገርከኝ፣ ከማን መጽሐፍ እንደተዋስክ ሳይቀር ነገርከኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ እጄን ይዘህ «ጋሼ መኩሪያን ዘሩን ከሌላ ስንዴ ጋር እንዳይቀላቅሉት ንገሪልኝ» አልከኝ። ዘሩ እንዳይቀላቀል አሰብክ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ምን ነበረበት? እኔ ነበርኩ እኮ አጠገብህ የተቀመጥኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ለአርባህ ጋሼ ከዚያው ስንዴ አንድ ኩንታል አስፈጭተው አመጡ። «በገዛ እጁ ያወጣው ስንዴ ነው፤ ሌላ ዱቄት አይነካም» አሉ። ሊጡ አልያያዝ ብሎ እንደ ጭቃ ተበጣጠሰ፤ ዳቦው ሳይነፋ ቀረ፣ ሲቆረስም ፈረፈረ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ደግሞ እርሾውን አበላሽታ ነው ብዬ ጋጋሪዋን በሰው ፊት ተቆጣኋት። በኋላ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያንተንም ጨምሬ።

እውነቱን የሰማነው ካረፍክ በአምስተኛው ወር፣ በጥቅምት፣ እዚያው እርሻ ላይ ነው። ከቢሮህ ዝርያው ጸድቋል፣ የመስክ ቀን ይከበራል ብለው ጠሩን። ድንኳን ተተክሎ ማይክሮፎን ቆሟል፤ ጋሼ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፣ የምስክር ወረቀት ስለሚሰጣቸው። አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ስምህን በክብር ጠራ። እኔ አለቀስኩ። ቀጥሎ «ይህ ዝርያ ለአልኮል ኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃ እንዲሆን ታስቦ የተሻሻለ ነው» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በአገውኛ «ምን አለ?» አሉኝ።

«ተሳስቶ ይሆናል» አልኳቸው።

ኃላፊው አልተሳሳተም። ቀጥሎ የተነሣው ከፋብሪካ የመጣ ሰው ነበር፤ ከዚህ ስንዴ ብዙ አረቄ እንደሚወጣ፣ ምርቱን በሙሉ ፋብሪካው እንደሚገዛ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። የጋሼ ስም ተጠራ። እሳቸው ተነሡ፤ ግን ወደ መድረኩ አልሄዱም። በመንገዱም አልሄዱም። ወንድሜ በዕድሜያቸው ሙሉ የሰው ቡቃያ ረግጠው አያውቁም፤ ያን ቀን የደረሰውን ስንዴ መሐል ለመሐል እየረገጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኃላፊው በማይክሮፎን ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠራቸው።

የሥራ ባልደረባህን ሰብለን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘኋት። «ሰብልዬ፣ ይሄ ስንዴ የዳቦ አልነበረም?» አልኳት። እሷ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«የሺዬ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለዚሁ ነው እኮ። ለአልኮል የሚፈለገው ስታርቹ የበዛ፣ ፕሮቲኑ ያነሰ ፍሬ ነው። እንዲህ ያለው ለዳቦ አይሆንም፤ ሊጡም አይያያዝም። አዳነ አልነገረሽም?»

አልነገርከኝም። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን አልነገርከኝም።

ቤት ገብቼ የመስክ ደብተሮችህን አወረድኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ገለጥኩ። ስለ መሬቱ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ዝናቡ ጽፈሃል፤ ጽሕፈትህ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው። ከታች እንዲህ ይላል፤ «ለባለመሬቱ የዳቦ ስንዴ ነው ተብሎ ተነግሯል፤ በባለቤቴ በኩል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት መሆኑ ብቻ አይደለም ያቃጠለኝ። ጋሼ የምትላቸውን ሰው «ባለመሬቱ» አልካቸው። እኔን ደግሞ እንደ ወረዳ ማኅተም «በባለቤቴ በኩል» ብለህ ጻፍከኝ። በቀሩት ስድስት ደብተሮች አንድ ሰበብ፣ አንድ ጸጸት፣ «ልነግራቸው ይገባል» የሚል አንድ ቃል ባገኝ ብዬ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግኩ። የዝናብ ልክ አገኘሁ፣ የዛላ ርዝመት አገኘሁ። ሌላ የለም።

በሳምንቱ ደብተሩን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ እስክደርስ ምን እንደምላቸው ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ከበሩ ላይ ሆነው አዩኝ፤ ግቢ አላሉኝም።

«የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ። «እሱ ቢነግረኝ እጠይቀው ነበር። አንቺ ስለሆንሽ አልጠየቅኩም።»

«እኔም አላወቅኩም ጋሼ» አልኳቸው። አላመኑኝም። እንዴት ብለው ይመኑኝ? ባልና ሚስት ነን። ደብተሩን አውጥቼ ያቺን መስመር አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ከበሩ ዘወር አሉና አስገቡኝ። ከመደቡ ላይ እንደተቀመጥኩ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ልጅ ሆኜ ሳለቅስ እንደሚያደርጉት። «ለካ አንቺንም ነው» አሉ።

በማግስቱ ወደ ደብሩ አለቃ ሄደው ስለ መገበሪያው ተናዘዙ። አለቃው ደግ ሰው ናቸው፤ «ስንዴን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ እርስዎ በንጹሕ ልብ ሰጡ፣ ንጹሕ ሆኖ ቀርቧል» ብለው አጽናኗቸው። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ከዳንግላ ገበያ እየገዙ ነው የሚወስዱት። በእርሻቸው ላይ የነበረውን አጭደው ለከብት ሰጡት። ፋብሪካው ሦስት ጊዜ ሰው ልኮባቸው አልሸጡም።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ፤ ስንዴህ ጥሩ ነው። ዋግ አይነካውም፣ በነፋስ አይጋሸብም፣ ፍሬው ሙሉ ነው። የጋሼ ጎረቤቶች ይህን አይተው የዲከረንሱን ጉቶ እየነቀሉ መሬታቸውን ወደ እህል እየመለሱ ነው። ለፋብሪካ ሸጠው ልጅ ሊያስተምሩበት። ሁሉም እንደ ጋሼ አባቱን ከወንዝ አላወጣም። ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር ኖሮ መሬት የሚሰጥህ ሌላ ሰው ይገኝ ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ትዘገይ ነበር፣ ሌላ ምንም አይሆንም ነበር። የሸጥከን ለዚያች ለአንድ ሁለት ዓመት ነው።

በሚያዝያ ከቢሮህ ጠሩኝ። ዝርያው እስካሁን የሚጠራው በቁጥር ስለሆነ ባንተ ስም ሊሰይሙት እንዳሰቡና የቤተሰብ ፈቃድ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «መጀመሪያ ባለመሬቱን ጠይቁ» አልኳቸው፤ ያንተኑ ቃል ተጠቅሜ። ሰብለ ሄደች። እኔ ጋሼ የሚረግሙህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። «የሟች ስም በአረቄ ስንዴ ከረጢት ላይ አይጻፍ፤ ልጅ አለችው» ነው ያሏት። በዚህ ሁሉ መሐል ስምህን የጠበቀልህ የዋሸሃቸው ሰው ናቸው። እኔ ብሆን አልጠብቅልህም ነበር፤ አልደብቅህም። ስንዴው አሁንም በቁጥር ይጠራል።

ዘሩ ሊከፋፈል ሲል ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ። ለምን እንደሚሆን ለገበሬው ይነገረው አልኩ። «ከረጢቱ ላይ ይጻፋል» አሉኝ። «ማንበብ የማይችለውስ?» «ባለሙያ ይነግረዋል።» «በምን ቋንቋ?» «በአማርኛ።» «እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

በሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ በገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆምኩ። አስተማሪ ስለሆንኩ ድምፄ አይደክምም። በአገውኛ «ይህ ስንዴ የዳቦ አይደለም። ለአረቄ ፋብሪካ ነው የሚሆነው። ብትጋግሩት አይነፋም። ያወጣው ባሌ ነው፤ እሱ የዳቦ ነው ብሎ ነበር፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ልክ አልነበረም» አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ የተሸከሙትን ከረጢት አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡና ባዶ እጃቸውን ሄዱ። አንዲት ሴትም ተከተለቻቸው። ሌሎቹ ወሰዱ። የወሰዱት አውቀው ነው የወሰዱት።

ጋሼ ለሙት ዓመትህ አልመጡም። አልለመንኳቸውም። ከፅጌ ጋር ሁለታችን ሄደን መቃብርህ ላይ ጸሎት አስደረግን። ልጅህ ሁሉንም ታውቃለች፤ እኔው ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። አለቀሰች፣ ከዚያ «ግን ጥሩ አባት ነበር አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እሱም እውነት ነው።

አልረሳህም አዳነ። ከጭቃው ላይ ተንበርክኮ ትንፋሹን ውጦ የማየውን ሰው አልረሳም፤ በንጹሕ ጽሕፈት «በባለቤቴ በኩል» ብሎ የጻፈውንም አልረሳም። አንዱን ለብቻ አስታውስልኝ ብትለኝ አልችልም። ይቅር አላልኩህም፤ መቼ እንደምልህም አላውቅም። እስከዚያው ግን በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ፣ ጋሼ ቢመጡም ባይመጡም፣ የክርስትና ስምህን ለካህኑ የምሰጠው እኔ ነኝ።

የሺ